ጆርጂያ ላይ ለፕሬዝዳንት የምንሰጠው ድምፅ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

ክላርክስተን_አዲሱ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ወር ቃለ መሐላ ፈጽሜ ሲትዝን ሆኛለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከአዳራሹ ስወጣ የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ ሰጡኝ። እስካሁን አልሞላሁትም። ታላቅ ወንድሜ «አትድከም፤ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው ኤሌክቶራል ኮሌጅ እንጂ አንተ አይደለህም» ይለኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «2020 ላይ ጆርጂያ በ11 ሺህ ድምፅ ነው ያለቀችው፤ እንዴት እንዲህ ትላላችሁ» ብሎ ተቆጣን። እኔ ያኔ ግሪን ካርድ ነበረኝ፤ ዜናውን በጆሮዬ ዳርቻ ነው የሰማሁት።

እዚህ የቆያችሁ ሰዎች እስኪ በደንብ አስረዱኝ። ሌላም ጥያቄ አለኝ። እናቴ ከእኔ ቀድማ ሲትዝን ሆናለች። እንግሊዝኛ ግን ማንበብ አትችልም። እሷስ መምረጥ ትችላለች?

የቡፎርድ_መንገዱ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ወንድምህ ግማሹን እውነት ይዟል። ፕሬዝዳንቱ በአገር አቀፍ ድምር አይመረጥም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ምርጫ ያካሂዳል። ለስቴቶቹ የተከፋፈሉ በጠቅላላው 538 የኤሌክቶራል ድምፆች አሉ፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ጆርጂያ 16 አላት። ሜይንና ነብራስካ ሲቀሩ፣ በየስቴቱ በአንድም ድምፅ ይሁን በሚሊዮን የበለጠው ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል።

ወንድምህ የሳተው ቀጥሎ ያለውን ነው። እነዚያ 16 ድምፆች ለማን እንደሚሄዱ የሚወስነው የጆርጂያ ሕዝብ ነው። ስለዚህ አንተ የምትወዳደረው ከጆርጂያ መራጮች ጋር ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ዘመድህ የሚሰጠው ድምፅ ካንተ ጋር አይደመርም፣ ያንተንም አያሳንሰውም።

በ2020 ባይደን 2,473,633 አገኘ። ትራምፕ 2,461,854። ልዩነቱ 11,779 ነው። ከመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም። ክላርክስተን ትንሽ ከተማ ናት አይደል? በዚያው ዓመት የሕዝብ ቆጠራ ከ14 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። ልጆቹንና ሲትዝን ያልሆኑትን ጨምሮ ማለቴ ነው። ቢሆንም የቁጥሩን መጠን አስበው። ከዚያ በፊት ጆርጂያ ዴሞክራት የመረጠችው በ1992 ለክሊንተን ነበር። በ2016 እንኳ ትራምፕ እዚህ ከ211 ሺህ በላይ ድምፅ በልጦ ነው ያሸነፈው።

ፌርፋክስ_ቨርጂኒያ

ይቅርታ፣ ግን አናጋንነው። ባይደን በ2020 በጠቅላላው 306 አግኝቷል። የጆርጂያን 16 ብትቀንስበት 290 ይቀረዋል። ያም ያሸንፋል። ስለዚህ «ፕሬዝዳንቱን ያስመረጠችው ጆርጂያ ናት» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም።

አንድ ስቴት ብቻውን አገር ሲወስን ማየት የሚፈልግ ፍሎሪዳን በ2000 ይመልከት። ቡሽ ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ነው። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ከመረጠበት ስቴት ውስጥ 537! ክርክሩ ከወር በላይ ፈጅቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። የፍሎሪዳ 25 ድምፆች ወደ ጎር ቢሄዱ ኖሮ ፕሬዝዳንቱ እሱ ነበር። ያ ነው የአንድ ስቴት ጉዳይ።

የቡፎርድ_መንገዱ

ሒሳቡ ልክ ነው፣ አልክድም። ግን ጆርጂያን ብቻዋን አትያት። በዚያው ምርጫ አሪዞና በ10,457፣ ዊስኮንሲን በ20,682 ድምፅ ነው የተለያዩት። ሦስቱን ስትደምራቸው 43 ሺህ አይሞላም። ሦስቱም ወደ ሌላው ቢሄዱ 37 ድምፅ ተቀንሶ ውጤቱ 269 ለ269 ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ውሳኔው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ስቴት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰው የመረጠበት ምርጫ እዚህ ድረስ ተጠግቶ ነበር።

ሃቁን_ፈላጊ

እኔ የማንም ደጋፊ አይደለሁም፣ በቅንነት ነው የምጠይቀው። ማክሰኞ ማታ ስንተኛ ትራምፕ በሰፊው ይመራ ነበር። አርብ ጠዋት ስንነሳ ባይደን ቀድሟል። የሚያጠራጥር ነገር የለውም ትላላችሁ? ቤተሰቤ ውስጥ እስከዛሬ በዚህ ጉዳይ የማይነጋገሩ ሰዎች አሉ።

ድምፅ_ቆጣሪዋ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ በደንብ ሊመለስለት ይገባል። እኔ በ2020 በምርጫ ጣቢያ ሠርቻለሁ፤ በእጅ በተደረገው ቆጠራ ላይም ነበርኩ። ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ መዘግየቱን እንይ። ወቅቱ ኮቪድ ነበር። ጆርጂያ ውስጥ ወደ 1.3 ሚሊዮን ሰው በፖስታ ነው የመረጠው። በአካል የተሰጠ ድምፅ ማታውኑ ከማሽኑ ይወጣል። የፖስታው ግን ፖስታው መከፈት አለበት፣ ወረቀቱ ተዘርግቶ ስካን መደረግ አለበት። ትልልቆቹ ካውንቲዎች፣ ፉልተን፣ ዲካልብ፣ ክሌይተን፣ ብዙ ፖስታ ስለነበራቸው ዘገዩ። ትራምፕ ደግሞ ለወራት ደጋፊዎቻቸውን በፖስታ አትምረጡ ሲሉ ከርመዋል። ስለዚህ የዘገየው ክምር በአብዛኛው የባይደን መሆኑ ቀድሞም የሚጠበቅ ነበር። አርብ ጠዋት ባይደንን ያስቀደመው የክሌይተን ካውንቲ ድምፅ ነው። ክሌይተን ማለት ኤርፖርቱ አብዛኛው የሚያርፍበት ካውንቲ ነው። ስንቶቻችን እዚያ እንደምንሠራ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ቆጠራው። ልዩነቱ በጣም ጠባብ ስለነበር ምርጫውን የመራው የስቴቱ ዋና ጸሐፊ ብራድ ራፈንስፐርገር የፕሬዝዳንቱ ድምፅ በሙሉ በእጅ ይቆጠር አለ። ሰውዬው ሪፐብሊካን ነው፤ ራሱም ትራምፕን እንደመረጠ ተናግሯል። 159ኙም ካውንቲዎች ኖቬምበር 13 ጀመርን። ወደ 5 ሚሊዮን ወረቀት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዷ ወረቀቱን ታነሣለች፣ ስሙን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ለጓደኛዋ ታቀብላለች። ጓደኛዋ ራሷ አይታ «አዎ» ካለች በኋላ በስሙ ክምር ላይ ታስቀምጠዋለች። ትራምፕ። ባይደን። ሦስተኛዋ ዕጩ ጆርገንሰን። ያልገባን ወረቀት ካለ ለብቻው ይቀመጥና ከሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ያሉበት ቡድን ይመለከተዋል። የፓርቲ ታዛቢዎች በመካከላችን ይዘዋወራሉ። መንካት አይፈቀድላቸውም፣ ማየት ግን ይችላሉ። ጣቶቼ ከወረቀቱ ብዛት ደርቀው ተሰነጣጥቀው ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በ2020 የእኛ ማሽን ስክሪኑን ስትነካው ወረቀት ያትም ነበር። ወረቀቱ ላይ ስካነሩ የሚያነበው ኮድ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ የመረጣችሁት ሰው ስም በፊደል ተጽፎ ነበር። እኛ በእጅ ስንቆጥር ያነበብነው ፊደሉን ነው። «ማሽኑ ድምፅ ገልብጧል» ለሚለው ወሬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ማሽኑ ቢገለብጥ ኖሮ የወረቀቱ ቆጠራ በብዙ ይለይ ነበር። አሸናፊው ግን ያው ሰው ሆነ።

ችግር አልተገኘም ማለቴ አይደለም። ፍሎይድ ካውንቲ ውስጥ ስካን ያልተደረጉ ከ2 ሺህ በላይ ወረቀቶች ተገኙ። ፌየት ውስጥ አንድ ሚሞሪ ካርድ ሳይጫን ቀርቶ ነበር። እነዚህ ሲደመሩ ጥቅሙ ለትራምፕ ነበር፤ ልዩነቱን ከ14 ሺህ ገደማ ዝቅ አደረጉት። ተደብቀው አልቀሩም፤ በይፋ ተነገሩ፣ ተቆጠሩ። ኖቬምበር 20 ውጤቱ በ12,670 ልዩነት ጸደቀ። ትራምፕ ሕጉ ስለሚፈቅድላቸው በማሽን ድጋሚ ይቆጠር አሉ። ተቆጠረ። ዲሴምበር 7 በ11,779 ተዘጋ። ስለዚህ ያ ወረቀት ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። በኮብ ካውንቲ ደግሞ የስቴቱ መርማሪዎች ከ15 ሺህ በላይ የፖስታ ፊርማዎችን መርምረው አንድም የተጭበረበረ ድምፅ አላገኙም።

ሃቁን_ፈላጊ

እግዜር ይስጥልኝ። ስሙ በፊደል እንደሚታተምና እናንተ እሱን እንዳነበባችሁ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ለአጎቴ ይህንን ነው የምልክለት።

ድምፅ_ቆጣሪዋ

ላክለት። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይሄ እስከዛሬ ያመኛል። ፉልተን ካውንቲ ውስጥ እናትና ልጅ የሆኑ ሁለት የምርጫ ሠራተኞች ነበሩ። ከተራ ቪዲዮ ተቆርጦ «ሻንጣ ሙሉ የሐሰት ድምፅ አስገቡ» ተባለባቸው። ውሸት ነበር። ቤታቸው ድረስ ሰው መጣባቸው፣ የግድያ ዛቻ ደረሳቸው። በዲሴምበር 2023 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) የትራምፕ ጠበቃ የነበረው ሩዲ ጁሊያኒ 148 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላቸው ፈረደላቸው። ገንዘቡ ግን የጠፋውን ሰላማቸውን አይመልስም። እኛ ሠራተኞቹ ማለት የሰፈር ሰዎች ነን። ጡረተኞች፣ የቤት እመቤቶች፣ ተማሪዎች። ከንጋቱ በፊት ገብተን ሌሊት የምንወጣ። ስለ ምርጫ ስታወሩ እባካችሁ ይሄንን አትርሱ።

ፌርፋክስ_ቨርጂኒያ

አክብሮቴ ይድረስሽ እህቴ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ትራምፕ ራፈንስፐርገር ጋ ደውሎ «11,780 ድምፅ ማግኘት ብቻ ነው የምፈልገው» ያለው ሁላችሁም የሰማችሁት ነው። ከልዩነቱ በአንድ የሚበልጥ ማለት ነው። ራፈንስፐርገር ያለችህ አኃዝ ስህተት ናት ብሎ መለሰለት። እኔ ብዙ ነገር ላይ ከሰውዬው ጋር አልስማማም። ያን ቀን ግን ቆሟል።

የአባይ_ልጅ

እኔ የመጣሁበትን ልናገር። እኔ በ2020 የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። ኦክቶበር 23 ላይ ትራምፕ በስልክ፣ በካሜራ ፊት፣ ግብጽ ግድቡን ታፈነዳዋለች አለ። ምርጫው ሊደርስ 11 ቀን ሲቀረው! ከዚያ በፊትም ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን እርዳታ የተወሰነውን አስቁሞ ነበር። እናቴ ቦንድ የገዛችበት ግድብ ነው። በማግስቱ ቀድሜ ለመምረጥ ሄጄ ተሰለፍኩ። እድሜዬን ሙሉ ያን ያህል ተቆጥቼ አላውቅም። ከእኔ ጋር አንድ ቫን ሙሉ ሰው ነበር።

ስቶን_ማውንቴን_እህት

ወንድሜ ስሜትህ ይገባኛል፣ እኔም ያን ቀን አልቅሻለሁ። ግን ቀጥሎ የሆነውንም እናስታውስ። በ2021 የባይደን አስተዳደር በጦርነቱ ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎአ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ከሚያስገባው የአፍሪካ የንግድ ዕድል) አስወጣት፤ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ሥራቸውን አጡ። በዚያው በ2021 ደግሞ ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን አስተዳደሩ በጦርነቱ ላይ በያዘው አቋም ተናደው ለገዥነት ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን ደገፉ። ከእነዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ዴሞክራት የመረጡ ነበሩ።

ሌላው ደግሞ በዚያ ጦርነት ቤተሰቡን ያጣ ሰው ከእኔም ካንተም የተለየ ነገር ፈልጎ ነው የመረጠው። እዚህ መድረክ ላይ ያሉ የትግራይ ልጆች ያውቁታል። ስለዚህ «ሐበሻ እንዲህ ይምረጥ» የሚል ነገር የለም። እኔ አሁን የምመርጠው ለልጆቼ ትምህርት ቤትና ለኢንሹራንሴ ነው። ጆርጂያ ሜዲኬይድን (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) እንደ ብዙዎቹ ስቴቶች ሙሉ በሙሉ አላሰፋችም። ይሄ እኔን በየወሩ ነው የሚነካኝ።

የአባይ_ልጅ

እኔ ደግሞ አገሬን ከድምፄ ለይቼ ማየት አልችልም እህቴ። ሜዲኬይድን ቀላል ነው አላልኩም። ግን አንድ ፕሬዝዳንት ግድቤ እንዲፈነዳ ሲናገር ዝም ብዬ ብመርጠው ራሴን በመስታወት አላየውም። በዚህ ካልተስማማንም ችግር የለውም፤ ሁለታችንም ወጥተን መርጠናል።

ስቶን_ማውንቴን_እህት

በእሱስ እስማማለሁ።

እትዬ_ትርንጎ

ልጆች፣ ስለ ፕሬዝዳንቱ ብቻ አታውሩ። እኔ ዲካልብ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። የጆርጂያ ሕግ አንድ ልዩ ነገር አለው። ለሴኔት ሲሆን ከግማሽ በላይ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ ዙር ይገባል። ለፕሬዝዳንት ግን አይሠራም። ባይደን 49.5 ከመቶ ገደማ አግኝቶ ወሰደ። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ፐርዲው ግን በዚያው ቀን 49.7 አግኝቶ፣ ተቀናቃኙን እየመራ፣ ሁለተኛ ዙር ግባ ተባለ። ጃንዋሪ 5 ላይ በአሶፍ ተሸነፈ። ዋርኖክም ያን ዕለት አሸነፈና ሴኔቱ 50 ለ50 ሆነ። የፕሬዝዳንቱ ምርጫ አለቀ ብለው ቤታቸው የቀሩ ሰዎች ያኔ ነው የቆጫቸው።

ከዚያ በኋላ ሕጉን ቀየሩት። በማርች 2021 ገዥው ኬምፕ የፈረመው ነው። በፖስታ ለመምረጥ ፊርማ ማመሳሰል ቀርቶ የመንጃ ፈቃድ ወይም የመታወቂያ ቁጥር ሆነ። የፖስታ ድምፅ የሚጣልባቸው የምርጫ ሳጥኖች ቁጥር ቀነሰ፤ ከሕንፃ ውጭ 24 ሰዓት ቆመው የነበሩት ወደ ውስጥ ገቡ። ሁለተኛው ዙር ከ9 ሳምንት ወደ 4 አጠረ። በሰልፉ ላይ ውሃ ማደልም ተከለከለ። እኔ በ2020 ከሰልፍ ጫፍ እስከ ጫፍ ዳቦና ውሃ ሳድል ነበር የዋልኩት። ማንን ምረጡ አላልኩም። ለቆመ ሰው ውሃ መስጠት እኛ አገር ወግ ነው። ይሄ ክልከላ እስከዛሬ አልዋጥ ብሎኛል።

የቡፎርድ_መንገዱ

እትዬ፣ እንደርስዎ ያሉ ሰዎች ናቸው ያንን ምርጫ ያቆሙት። ልጨምር፦ ሕጉ ሲወጣ የመራጩ ቁጥር ይወድቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በ2024 ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ከምርጫው ቀን በፊት መረጠ። ያም ሆኖ ትራምፕ ጆርጂያን ወደ 115 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ መለሰ። ስቴቷ የአንድ ፓርቲ ርስት አይደለችም፤ ወዲያና ወዲህ ትሄዳለች። እንዲህ ያሉ ስቴቶች አገሪቱ ውስጥ ከጣት ቁጥር አይበልጡም። አንተ ክላርክስተን፣ ከመካከላቸው በአንዱ ነው የምትኖረው። ውጤቷ ቀድሞ በሚታወቀው አላባማ ብትሆን ኖሮ የወንድምህን ተስፋ መቁረጥ ይበልጥ እረዳው ነበር።

ክላርክስተን_አዲሱ

እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጣችሁ። ለወንድሜ ሙሉውን አነበብኩለት። ስለ ሦስቱ ስቴቶች ሒሳብ ሲሰማ ዝም አለ። ቅጹን ዛሬ ሞላሁ። ግን መንጃ ፈቃዴ ሲትዝን ከመሆኔ በፊት የወጣ ነው። ችግር ይኖረዋል? የእናቴን ጥያቄም እንዳትረሱብኝ።

ድምፅ_ቆጣሪዋ

አልረሳሁትም። በመንጃ ፈቃዱ ልጀምር፤ ብዙ የእኛ ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነውና። የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ አንተን እስካሁን ሲትዝን እንዳልሆንክ አድርጎ ይዞህ ይሆናል። ምዝገባህ ከዚያ ጋር ሲመሳሰል ሊያዝ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የዜግነት ሰርተፊኬትህን ይዘህ ሂድና መዝገቡን አሳድስ። ያ ካልደረሰልህ የምርጫው ቀን የአሜሪካ ፓስፖርትህን ወይም ሰርተፊኬቱን ይዘህ ና። አሳይተህ ትመርጣለህ። በመስመር ላይ ስምህን የስቴቱ የመራጮች ገጽ ላይ ፈልገው። «አክቲቭ» የሚል ካላየህ ቀኑ ሳይደርስ ካውንቲህ ጋ ደውል። የምዝገባው በር ከምርጫው አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ነው የሚዘጋው።

አሁንም ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁ ደግሞ፦ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የመራጭነት ጥያቄ ይመጣል። ሲትዝን ካልሆናችሁ «አይደለሁም» በሉ። በስህተት መመዝገብ እንኳ ዜግነት ሊያስከለክል፣ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

እናትህን በተመለከተ፣ አዎ ትችላለች። ማንበብ የማይችል መራጭ የሚፈልገውን ሰው ይዞ እንዲገባ የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል። አሠሪዋ ወይም የሠራተኛ ማኅበሯ ሰው መሆን ብቻ አይችልም። አንተ ልጇ ትችላለህ። ሠራተኛዋ ረዳቱ ማን እንደሆነ የሚሞላ ቅጽ ታቀርብልሃለች፤ ስምህን ጽፈህ ትፈርማለህ። ከዚያ ስክሪኑ አጠገቧ ቆመህ በአማርኛ ታነብላታለህ፤ የምትመርጠውን እሷ ትነግርሃለች። ወረቀቱ ሲታተም ስሞቹን አንድ በአንድ አንብብላትና ስካነሩ ውስጥ ራሷ ታስገባው። ቀድሞ በሚመረጥባቸው ሳምንታት፣ ከሰኞ እስከ አርብ ከሰዓት በፊት ብትመጡ ሰልፉ ይቀላል። ወንበር ከፈለገች ጠይቁ፤ እንሰጣለን።

ክላርክስተን_አዲሱ

እናቴ አጠገቤ ሆና ሰማች። «ወንድምህም ይምጣ፣ መኪናው ይበቃናል» ብላለች። ሰኞ ሰርተፊኬቴን ይዤ መንጃ ፈቃዱን አሳድሳለሁ።